አሮጌው ብዕርና ከሩቅ አገር የመጣው አዋቂ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ አገሩን በዘነጋበት ዓመት፣ አንዲት አህያ የምትግጠው ሣር አለቀባት። ያላት ንብረት አንድ አሮጌ የቀለም ብዕር ብቻ ነበር። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የአንድ ዳኛ መጻሕፍት ሲጭን ኖሮ፣ ዳኛው በጡረታ ሲሰናበቱ ለመታሰቢያ የሰጡት ነው። ብዕሩ ጥቁር፣ ክዳኑ ብር፣ ጫፉ ደግሞ ቢጫ ነው። ቀለሙ የደረቀው እሷ ከመወለዷ በፊት ስለሆነ ሲጽፍ አይታው አታውቅም። በዚህ ብዕር እስከ ክረምት የሚያደርሳት ሣር ካላገኘች ግን በሕይወት እንደማትከርም ታውቀዋለች።

ስለዚህ ወደ ገበያ ልታወጣው ተነሳች። ለገበያ የሚወጣ ዕቃ በአመድ ታሽቶ ካላበራ ነውር ነው ብላ ስለምታምን፣ ክዳኑን ስትፈትግ ዋለች። ክዳኑ አበራ፤ በላዩ ከነበሩት ጥቃቅን ፊደላት ግን የሚበዙት ከአመዱ ጋር ሄዱ። እሷ ምን ታድርግ፣ ጽዳት መስሏታል።

ገበያው ዳር ቀበሮ አገኛት። ብዕሩን አንዴ አየና ዓይኑን ወዲያው ወደ ሌላ አዞረ። ቢጫው ዝገት መሆኑን፣ ብዕሩም ከሞተ መቆየቱን እያዘነ ነገራት፤ ለአባቷ ነፍስ ሲል ብቻ አንድ ሸክም ገለባ እንደሚሰጣት ጨመረላት። አህያዋ አንድ ሸክም ገለባ የስንት ቀን እንደሆነ አሰበችና እስቲ ልምከርበት ብላው ሄደች።

ቀበሮ ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ጅብ ገሰገሰ። «አያ ጅቦ፣ ነገ ከሩቅ አገር የመጣሁ የብዕር አዋቂ ነኝ በልና ዕቃዋን አጣጥልልኝ። ብዕሩን እኔ እወስዳለሁ። እሷ ገለባው ሲያልቅባት ትወድቃለች፤ ስትወድቅ ያንተ ናት።» ጅብ ከነገሩ ሁሉ የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነበር። ምራቁን ውጦ ተስማማ።

በማግስቱ አህያዋ ወደ ገበያው ስትመለስ፣ ጅብ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ ቀበሮን አስከትሎ፣ የብዕር አዋቂ ነኝ ብሎ ከች አለ። በገበያ ቀን ማንም ማንንም እንዳይነካ ደንብ ስለነበረ አህያዋ አልሸሸችም። ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ቁርበት አስነጥፎ ተቀመጠ። ብዕሩን ተቀብሎ አሸተተው፤ በጥርሱ ሊሞክረው አፉን ሲከፍት አህያዋ ቀማችው።

«ሥጋ የለውም» ብሎ ፈረደ። ቀበሮ በክርኑ ሲጎስመው ግን ዋጋ የለውም ለማለት ነው ብሎ አረመ። ይህን አንድ ብዕር ለማየት ሲል ሦስት ቀን በእግሩ እንደተጓዘም አወራ፤ እያወራም የተቀመጠበትን ቁርበት ጫፍ ማኘክ ጀመረ።

አህያዋ ጆሮዋን አቆመች። አህያ ብትሆንም ማሰብ አላቃታትም። «ዋጋ ለሌለው ዕቃ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማን ሦስት ቀን በእግሩ ይመጣል?» ብዕሯን ይዛ ስትወጣ ጅብ ቀበሮን «ታዲያ እሷ መቼ ነው የምትወድቀው?» ሲለው ሰማች። እርምጃዋን አፍጥና እውነተኛ የብዕር አዋቂ ፍለጋ ወደ ገደሉ ወረደች።

ከገደሉ ሥር ከእሾሃቸው ብዕር እየቀረጹ ያረጁ አባ ጃርት የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ክዳኑን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በአመድ ያሸሽው አንቺ ነሽ?»

አንገቷን ደፋች። የጠፉት ፊደላት ብዕሩ የትና መቼ እንደተሠራ የሚናገሩ እንደነበሩ፣ የዋጋውም ሲሶ አብሮ እንደሄደ ሳይደብቁ ነገሯት። አህያዋ አለቀሰች።

«ለቅሶው ይቆይ፤ ጫፉን እንይ» አሉና አንዲት የውሃ ጠብታ ጣል አደረጉበት። በጠብታዋ ሥር ቅንጣት የሚያህሉ ፊደላት ጎልተው ታዩ። «ዝገት ቢሆን በዚህ ሁሉ ዘመን በልቶ ይጨርሰው ነበር። ይህ ወርቅ ነው፤ የሠሪውም ስም አለበት። እንዲህ ያለ ብዕር ዛሬ የሚሠራ የለም።» ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ነክረው የደረቀውን ቀለም አሟሙ፤ ቀለም የሚመጠጥበትን የተሰነጣጠቀ ጎማም በአዲስ ቀየሩለት።

አህያዋ ለምን እርስዎ አይወስዱትም አለቻቸው። እሳቸውም በጣም እንደሚወዱት፣ ነገር ግን ዋጋው ጎተራቸው ውስጥ ካለው ሥራ ሥር ሁሉ እንደሚበልጥ ነግረዋት፣ ወንዝ ዳር ሰፊ መስክ ወዳላት፣ አሮጌ ብዕር መሰብሰብ ወደምትወደው ጉማሬ መሯት።

ቀበሮ መንገድ ላይ ሁለት ሸክም ገለባ ይዞ ጠበቃት። «ትናንት ዝገት ነው ብለኸኝ አልነበር?» ብላው አለፈች።

ጉማሬ ብዕሩን አገላብጣ አየች። ክዳኑ ባይፋቅ ኖሮ ከክረምቱ ወዲያም የሚተርፍ ግጦሽ ያወጣ እንደነበር እያዘነች ነገረቻት። አሁንም ቢሆን በብዕሩ ምትክ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ በመስኩ እንድትግጥ ፈቀደችላት። ውሉንም በዚያው ብዕር ለመጻፍ ተቀመጠች። ብዕሩ መጀመሪያ ወረቀቱን ቧጨረ፤ ቀጥሎ ቀለሙ መጣና አንድ መስመር ሙሉ ጥርት ብሎ ወረደ። አህያዋ ለምለሙን ሣር ትታ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች።

«አባቴ በከንቱ አልተሸከመም» አለች፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆማ አየችና ወደ መስኩ ገባች።

ከዚህ የምንማረው፣ የዕቃችንን ዋጋ በአፉ እያጣጣለ በዓይኑ ከሚመኘው ሳይሆን ጉድለቱንም ሳይደብቅ ከሚነግረን አዋቂ መጠየቅ እንዳለብን ነው።