ባዶው ዙር

አንድ ብረት ቀራጭ ነበረ። ቆይ ይርሳው፣ አታቋርጠኝ። «ልጄ ትርንጎ ሲጠይቋት ቶሎ አትመልስም፤ ከትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት ላስቀምጣት ወይ?» ብለህ የመጣህበትን አልረሳሁትም። መምህሯ ነኝና መልስ አለኝ፤ መልሴ ግን በዚህ ሰውዬ በኩል ነው የሚመጣው። ቁጭ በል።

ይህ ብረት ቀራጭ ሃያ ዓመት ሙሉ በሰው ጋራዥ ቶርኖ ላይ ቆሞ ኖረ። ቶርኖ ታውቃለህ፤ ብረቱን ነክሶ ያሽከረክረዋል፣ መቁረጫው ደግሞ እንደ ድንች ልጣጭ እየላጠ ልኩ ላይ ያደርሰዋል። ሰውዬው እጁ የተባረከ ነበር። ምኞቱ አንድ ብቻ ነበረች፤ በገዛ ግቢው፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የራሱን ቶርኖ መትከል። ቀኑ ደረሰና ሥራውን ለቀቀ፤ ጥሪቱን ይዞ አሮጌ ማሽን ወደሚሸጥበት ግቢ ሄደ።

እዚያ ሁለት ቶርኖ ቆመው አገኘ። አንደኛው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ አጊጧል። ሁለተኛው ዘይትና አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል። ደላላው አረንጓዴውን እየደባበሰ ሲምልና ሲገዘት ብረት ቀራጩ ጎንበስ አለና መቁረጫው የሚመላለስበትን ሐዲድ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር ጫር አደረገው። ሙያ ማለት ይህ ነው። ማሽን የሚያረጀው ብዙ በሠራበት ቦታ ነውና፣ አዋቂ ሰው ሐዲዱን የሚፈትሸው ብረቱ ከሚነከስበት አጠገብ ነው። የአረንጓዴው ሐዲድ እዚያ ጋ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ጠርዙ ጥፍሩን ያዘው። ላዩ ካባ፣ ውስጡ ደባ። የጥቁሩ ሐዲድ ግን ከዳር እስከ ዳር ልስልስ ያለ ነበር። አስነስቶ ጆሮውን ሰጠው፤ የማርሾቹ ጥርሶች አልተንጫጩም።

አንድ ነውር ብቻ አገኘበት። መቁረጫውን የሚገፋውን መዘውር ሲያዞረው፣ መቁረጫው ወዲያው አይንቀሳቀስም። መዘውሩ ሩብ ዙር ያህል በባዶ ይዞርና ከዚያ በኋላ ነው መቁረጫው የሚነሳው። ደላላው አፈረ። ብረት ቀራጩ ግን «ይኸኛውን ነው የምወስደው» አለ። የተበላ ሐዲድ በቤት አይታከምም፤ ባዶ ዙር ግን ከለመዱት አብረውት ይኖራሉ ብሎ ነው።

ገና ማሽኑን እንደተከለ የሰፈሩ ወፍጮ ዘንግ ተሰበረ። ወፍጮ ቤቱ በራፍ ላይ ጆንያ ተከመረ፤ ሴቶች እህላቸውን እንደተሸከሙ ይመለሱ ጀመር። ባለወፍጮው ሁለት ድፍን ብረት ይዞ መጣ። «አደራህን፣ ከነዚህ ሌላ የለኝም» አለው። ወሬ የሰማ ሁሉ አብሮት መጥቶ ጥላው ሥር ቆመ።

ብረት ቀራጩ የመጀመሪያውን አሠረ። ባለወፍጮው ከኋላው ቆሞ «ቶሎ በል እንጂ፣ ቶሎ» ይለዋል። መዘውሩን ቢያዞር መቁረጫው አልተነሳም። ነገሩን ያውቀዋል፤ ጥድፊያው ግን አሸነፈው። ጨመረበት። መቁረጫው ባንዴ ብረቱ ውስጥ ጥልቅ አለ። ደንግጦ መዘውሩን ጥቂት መለሰው፤ የመለሰው ግን ባዶውን ዙር ነበርና መቁረጫው ካለበት ንቅንቅ አላለም፣ መብላቱን ቀጠለ። ዘንጉ ከልኩ ቀጠነ። በቃ፣ ተበላሸ።

«ድሮስ ከአሮጌ ዕቃ ምን ይገኛል» አለ አንዱ። ባለወፍጮው ሁለተኛውን ብረት ብድግ አድርጎ ደረቱ ላይ አቀፈው። «ይህንንስ አልሰጥህም፤ ማሽንህ አይታዘዝም» አለ። ብረት ቀራጩ ፊቱ ደም መሰለ። እንጀራውን ጥሎ መጥቶ፣ ያለ የሌለውን አፍስሶ፣ በመጀመሪያው ቀን ስሙ ሊጠፋ ነው።

ያኔ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ማሽኑን አልረገመም፣ ከሰውም አልተጣላም። ጠመኔ አነሳ። መዘውሩን ወደኋላ መለሰና ቀስ ብሎ ወደፊት ያዞረው ጀመር፤ መቁረጫው ንቅንቅ ባለባት ቅጽበት መዘውሩ ላይ ምልክት አደረገ። ደገመው። ዐሥር ጊዜ ደጋገመው። ዐሥሩንም ጊዜ ምልክቱ አንድ ቦታ ዋለ።

«ና እይ» አለው ባለወፍጮውን። «ይዘገያል እንጂ አይዋሽም። መቁጠር የነበረብኝ ከዚህ ጀምሬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ባለወፍጮው ምልክቱን አየ፤ ሰውዬውን አየ፤ ብረቱን ሰጠው።

ከዚያማ ምኑን ልንገርህ። ባዶውን ዙር በትዕግሥት ያሳልፋል፤ መቁረጫው ሲነሳ ከዚያ ይቆጥራል። ልኩን ያለፈ ከመሰለው እንደ ቅድሙ ጥቂት አይመልስም፤ አርቆ ይመልስና እንደገና ቀስ ብሎ ይመጣል። ቶሎ በል የሚለው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እጁን እጁን ነበር የሚያየው። ሲጨርስ ዘንጉን አቅፎ የሚይዘውን ኩሽኔት አጠለቁለት። በእንጨት መዶሻ ቀስ በቀስ እየተመታ ገባ፤ ሲወዘውዙት ፍንክች አላለም። ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ተነሳ።

እንግዲህ ይርሳው፣ ቶርኖው ትርንጎ ናት፤ የሚቸኩለው እጅ ያንተ ነው። ትጠይቃታለህ፤ ጥያቄህ ውስጧ እየዞረ ሳለ ሌላ ትጨምርባታለህ፤ ከዚያ ትጮህባታለህ። እሷ ግራ ሲገባት አንተ «ደካማ ናት» ትላለህ። እኔ ሦስት ዓመት አስተምሬያታለሁ፤ ሐዲዷ ከዳር እስከ ዳር ያልተበላ ነው። ትዘገያለች እንጂ አትስትም። እግዜር እንዴት ያለች ልጅ እንደሰጠህ ብታውቅ ተንበርክከህ ታመሰግን ነበር።

ባለፈው እሑድ ቤትህ መጥቼ እንቆቅልሽ ስጠይቃት ዝም ማለቷ ትዝ ይልሃል? አንተ «አዩልኝ መምህር፣ ያልኩዎት ይኸንን ነው» ብለህ አንገትህን ደፍተህ ወጣህ። እኔ ቁጭ አልኩ። ምራቄን ሦስት ጊዜ ዋጥኩ። ከዚያ መለሰችልኝ፤ ልክ ነበረች። መልሳም ቀና ብላ ወደ በሩ አየች። ሰምተሃት እንደሆነ ማየቷ ነበር።