የዘርትሁን ገንዳና የጥሩወርቅ ዓይን

አንዳንድ አባባል አለ፣ እንግዳ ሰው ድንገት ሲሰማው ተናጋሪው አፉ የሳተ የሚመስለው። ቢሾፍቱ፣ ወደ ባቦጋያ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሰዎች እንዲህ ያለች አንዲት አባባል ከአፋቸው አትጠፋም። አባባሏ የእነሱ ብቻ አይደለችም፣ በአገሩ ሁሉ ትባላለች፤ እዚያ ሰፈር ግን በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ሥጋ ለብሳ ስለታየች፣ ሲሏት እየሳቁ ነው። ለምን እንደሚስቁ ለጠየቀ ሰው ነገሩን ከሥሩ ይነግሩታል።

ጥሩወርቅና ዘርትሁን ግቢያቸው አጥር ለአጥር ነው። በአንድ ዓመት ተድረው፣ በአንድ ሰሞን ቤት ሠርተው፣ የአንዷ ልጅ ከሌላዋ ጓዳ እየበላ ነው ያደገው። ግቢን ለሠርግ መልስና ለልደት ማከራየት የጀመረችው ጥሩወርቅ ናት። ሣሩን አስተክላ፣ ዛፎቹ ላይ መብራት አንጠልጥላ፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ሰው ይመጣላት ነበር። ዘርትሁን ቆይታ "እኔስ ግቢ አለኝ አይደል?" ብላ ጀመረች። ሣሩንም መብራቱንም ከጥሩወርቅ አየች። ይኼን ጥሩወርቅ ቻለችው። "ትብላ፣ ጎረቤቴ አይደለች?" አለች። ከዚያ በኋላ ግን ዘርትሁንና ባሏ ምናሴ ግቢያቸውን ቆፍረው መዋኛ ገንዳ ሠሩ።

ገንዳውም እንደሌላው ገንዳ አልነበረም። በረኪና በረኪና አይሸትም፣ የልጆች ዓይን አያቀላም። ውሃው ውስጥ ጨው ይጨመራል፤ ከፓምፑ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች አንዲት ሳጥን ከዚያው ከጨዉ ክሎሪን እያወጣች ውሃውን ታጠራለች። መጥቶ ያየ ሁሉ "ጨው ብቻ? ሌላ ምንም?" እያለ ይደነቃል፤ አድንቆም አይቀር፣ ለዘመዱ ይነግራል።

ጥሩወርቅ ከዚያ ወዲያ ሰላሟን አጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች ሳቅና የውሃ መንቦጫረቅ አጥሩን ተሻግሮ ሳሎኗ ድረስ ይገባባታል። የዘርትሁን እንግዶች መኪናቸውን የእሷ በር ላይ ያቆማሉ። ከሁሉ ከሁሉ አንጀቷን ያሳረራት ግን አንድ እሑድ በሯ ተንኳኩቶ፣ ደንበኛ መጣልኝ ብላ ሮጣ ስትከፍት፣ አንዲት የለበሰች ያጌጠች ሴት "ይቅርታ እትዬ፣ ገንዳ ያለበት ቤት ይኼ ነው?" ያለቻት ጊዜ ነው። በጣቷ አሳየቻትና ገብታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። የምሳ ሰዓት አልፎ እስኪጠሯት አልተነሣችም።

ባሏ በላቸው ነገር የማያበዛ ሰው ነው። "ሰውየው መሬቱን ቆፈረ፣ አንቺ ሆድሽን ቆፈርሽ" አላት።

ከሰገነቷ፣ የውሃ ታንከሩ ከተቀመጠበት፣ የዘርትሁን ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። ልብስ ላስጣ እያለች መውጣት አበዛች። በዓቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ ወጥታ ቁልቁል ብታይ፣ ውሃው ሰማያዊ አይደለም። አረንጓዴ ሊሆን ጀምሯል። ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ ደግማ አየች። ልቧ የደነገጠ መሰላት፤ ቆይታ ነው ደስታ መሆኑን ያወቀችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምናሴን ልፋት እንደ ተከታታይ ድራማ ታየው ጀመር። ሳጥኗ ቀይ መብራት አብርታ "ጨው አነሰ" ትልና ክሎሪን ማውጣቷን ታቆማለች። ምናሴ ጆንያ ተሸክሞ ጨው ይገለብጣል፣ በመጥረጊያ ያማስላል፣ ይጠብቃል። ቀዩ መብራት አይጠፋም። ሌላ ጆንያ ይጨምራል። አይጠፋም። አንድ ቀን ደግሞ ውሃው የሚያልፍበትን፣ በውስጡ ስስ ብረቶች የተደረደሩበትን ቱቦ ፈትቶ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ነገር እንዳይኖርበት በአቼቶ ዘፍዝፎ፣ አጥቦ፣ መልሶ ገጠመው። ጥሩወርቅ ትንፋሿን ውጣ አየችው። ሳጥኗ ጥቂት አሰበች፤ ቀዩ መብራት በራ። ጥሩወርቅ ተንፍሳ ልብሷን ማስጣት ቀጠለች።

በማግሥቱ ሐዘንተኛ መስላ ዘርትሁን ቤት ገባች።

"ዘርዬ፣ ምነው ገንዳው እንዲህ ሆነ? እኔ እኮ ከላይ ሳየው ሆዴ ቡጭ አለ።"

ዘርትሁን ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገረችም ነበርና የታፈነው ሁሉ ወጣ። "ምን እባክሽ ጥርዬ፣ ከሸጡልን ሰዎች ጋር ስንጨቃጨቅ ወር ሊሞላን ነው። ጋራንቲው ገና አላለፈም። ስንደውል አንዱ 'ፎቶ ላኩ' ይላል፤ ስንልክ ሌላው 'ከገበያ የገዛችሁት ጨው ነው ያበላሸው፣ ጋራንቲው አይመለከተውም' ይላል። ጨዉን የገዛነው እነሱ ካሳዩን ቦታ ነው ስንላቸው 'እንግዲያው የቢሾፍቱ ውሃ ነው' አሉን። 'ሰው ልከን እናያለን' ካሉም በኋላ ስልክ አያነሡም።"

"ወይ ጉድ! እነማን ናቸው?"

ዘርትሁን የድርጅቱን ስም፣ ያለበትን ሕንፃ፣ ያነጋገራትን ሰው ስም ሳይቀር ነገረቻት። ቀጥሎም እንባዋ መጣ። "ለዳግማይ ትንሣኤ የእትዬ ሸዋረገድ ልጅ መልስ እኛ ጋ ነው። ሴትዮዋ እዚህ የመጡት ገንዳውን ብለው ነው። ይኼን ቢያዩ ምን እላቸዋለሁ?"

ጥሩወርቅ እቅፍ አድርጋ "እግዜር ያውቃል" አለቻት። ዘርትሁን በእቅፏ ውስጥ እያለች ግን ጥሩወርቅ የምታስበው የራሷን ሣር ስለማሳጨድ ነበር።

እትዬ ሸዋረገድ የአዳማ ነጋዴ ናቸው፤ አንድ ነገር ካልጣማቸው ቆመው የሚከራከሩ ሳይሆን ዞረው የሚሄዱ ሴት። በሳምንቱ መጥተው ገንዳውን አዩ። ለዘርትሁን ክፉ ቃል አልተናገሯትም። ወጡና የጥሩወርቅን በር አንኳኩ። ሣሩን ዞረው አዩ፣ ከዛፎቹ ሥር ተቀመጡ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ።

"ገንዳ ባይኖርሽም ግቢሽ ደስ ይላል፤ ጥላው ራሱ" አሏት።

"የእርስዎ ነው እትዬ፣ እንዳሻዎ ያድርጉት።"

"እንግዲያው በዓሉ ይለፍና ቀብዱን ይዤ እመጣለሁ። ሌላ ሰው እንዳታስገቢ።"

ጥሩወርቅ እስከ መኪናቸው ሸኘቻቸው። ፈልጋ ያጣችው ሁሉ በእጇ ገብቶ ነበር። ደንበኛ ተመልሶላታል፤ ያውም ከዘርትሁን ግቢ ወጥቶ፣ ሰፈር እያየ። ያን ቀን ዝም ብላ ቤቷ ገብታ ቢሆን ኖሮ ይኼ ታሪክም አይኖርም ነበር። ቅናት ግን ሲያበሉት የሚጠግብ ነገር አይደለም። ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ ስታስበው፣ እትዬ ሸዋረገድ ያዩት አነሰባት። አንዲት ሴት ብታይ ምን ይሆናል? ያ ገንዳ ሲመረቅ አገር ተጠርቶ አልነበረም? ሲበላሽስ አገር ለምን አያየውም? ደግሞም ዘርትሁን ነገ አስጠግናው ብትነሣስ?

ስልኳን ይዛ ሰገነቱ ላይ ወጣች። ግቢዋን የምታስተዋውቅበት የቲክቶክ ገጽ አላት፤ የሚከተላትም ሰው ጥቂት አይደለም። መጀመሪያ ገንዳውን ዳር እስከ ዳር ቀረጸችው። ቀጥላ ድምጿን አለዝባ እንዲህ አለች።

"ወገኖቼ፣ እዩልኝማ! ይኼ የምታዩት የጎመን መደብ እንዳይመስላችሁ፤ ዘመናዊ የጨው ውሃ መዋኛ ነው።" እዚህ ላይ ሳቋ አመለጣት። "ያቺ ግድግዳው ላይ ያለችው ሳጥን ናት ታጠራዋለች የተባለችው። ጠጋ ላድርገውና የማን ዕቃ እንደሆነ አንብቡት።" ሳጥኗ ላይ የተለጠፈው የድርጅቱ ስምና ስልክ ቁጥር አጉልታ ስታቀርበው ጥርት ብሎ ታየ። "ጋራንቲ አለን ብለው ነበር። ሲደውሉላቸው አንዴ ጨዉ ነው፣ አንዴ የቢሾፍቱ ውሃ ነው ይላሉ አሉ። አሁን ጭራሽ ስልክም አያነሡም አሉ። እንዲህ ነው እንግዲህ ያለ አቅም መንጠራራት! እንቁራሪት ለመቀለብ ይኼ ሁሉ ቁፋሮ!"

ለቀቀችው። በላቸው ከሥራ ሲመለስ አሳየችው። እሱ ጨርሶ አይቶ ስልኩን መለሰላትና "የሳቅሽው ሳቅ የአንቺ አይመስልም" ብሏት እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ቪዲዮው እንደ ሰደድ እሳት ነው የሄደው። ሰው ግን ጥሩወርቅ እንዳሰበችው ዘርትሁን ላይ አልሳቀም። የሐዋሳ አንድ ሆቴል ባለቤት "ይኼንኑ ዕቃ ላዝዝ ነበር፤ ተረፍኩ" ብሎ ጻፈ። ሌላው "እኛንም እንዲሁ ነው ያደረጉን" አለ። አንዱ "የቢሾፍቱን ውሃ ምን አደረጋችሁት?" ብሎ ተቆጣ፤ የቢሾፍቱ ልጅ ሁሉ ተከትሎት ተነሣ። የድርጅቱ ስልክ እየደጋገመ ይጮህ ጀመር፤ የሚደውለው ገዢ ሳይሆን ተሳዳቢ ሆነ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጥሩወርቅ የመኪና ድምፅ ሰምታ ወጣች። የድርጅቱ ስም የተጻፈበት መኪና ዘርትሁን በር ላይ ቆሟል። እሷ ወደ ሰገነቱ ስትወጣ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ከረባት አስሮ የምናሴን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ይቅርታ ይጠይቃል። ቴክኒሻኑ ውሃ ቀዳና በመለኪያ ለካው።

"ጨዉ አላነሰም፤ እንዲያውም በዝቷል" አለ ጮክ ብሎ። "ጨዉን የሚለካው የቱቦው ክፍል ሞቷል፤ ቀዩ መብራት የሚዋሸው ለዚህ ነው። እናንተ ያጠፋችሁት የለም። ያጠባችሁበትም አስተጣጠብ ትክክል ነው። ቱቦው ሲመጣም ደህና አልነበረም።"

"ታዲያ ይኼን ለማለት ወር ፈጀባችሁ?" አለ ምናሴ።

ሥራ አስኪያጁ ቴክኒሻኑን አየ፤ ቴክኒሻኑ መሬት መሬት አየ። "ጥፋቱ የእኛ ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ። "ቱቦውንም ሳጥኑንም በአዲስ እንቀይራለን፤ ከፊሉን ውሃ አስወጥተን ጨዉን እናስተካክላለን፤ ጋራንቲውም ከዛሬ ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ብቻ እባክዎ፣ ያቺን ቪዲዮ የለቀቀችውን ሴት ያረጋጉልን።"

ጥሩወርቅ የታንከሩ ጥግ ስር ተቀመጠች።

ውሃው በፋሲካ ሰሞን ጠራ። ድርጅቱ ስሙን ለማደስ ብሎ ካሜራ ይዞ መጥቶ የጠራውን ገንዳ ቀረጸ፤ የዘርትሁንን ስልክና አድራሻም አብሮ አወጣላት። ጥሩወርቅ ሣሯን አሳጭዳ፣ አበባዎቿን አስተካክላ ቀብዱን ስትጠብቅ እትዬ ሸዋረገድ ደወሉ።

"ልጄ፣ አንቺ ደግ ሴት ነሽ። ያንቺን ቪዲዮ አይቼ እኮ ነው ጥፋቱ የዘርትሁን አለመሆኑን ያወቅኩት። ገንዳው ጠርቷል አሉኝ፤ ልጆቹም እዚያ ይሁን ብለውኛል። መቼስ ለጎረቤትሽ እንዲያ የጮኽሽ ሴት በዚህ አትቀየሚኝም።"

"ኧረ... ምን ገዶኝ እትዬ" አለች ጥሩወርቅ።

የመልሱ ቀን ዘርትሁን ራሷ መጥታ እጇን ይዛ ወሰደቻት፤ እምቢ የምትልበት ምክንያት አልነበራትም። ከክብር እንግዶቹ ጋር፣ ከእድሩ ዳኛ ከጋሽ ወልደየስ አጠገብ አስቀመጠቻት። ጋሽ ወልደየስ ዕድሜ የጠገቡ፣ ነገር ከሥሩ የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው። ቪዲዮውን የልጅ ልጃቸው አሳይታቸው፣ አንዴ አይበቃኝም ብለው መሐሉ ላይ ያለችውን ሳቅ ደግማ አሰምታቸው ነበር።

ምግቡ ተበልቶ ልጆች ውሃው ውስጥ ሲንቦጫረቁ ዘርትሁን ተነሣች። "ዛሬ በዚህ ደስታ የተቀመጥነው በዚች እህቴ ነው" አለች። "ባሌ ጨው ሲሸከም፣ እኔ ሳለቅስ፣ ከሰገነቷ አይታ ለአገር የጮኸችልኝ እሷ ናት። እኛ ወር ሙሉ ለምነን ያልመጡትን በአንድ ቀን አመጣችልኝ።" ጎንበስ ብላ ጥሩወርቅን አገላብጣ ሳመቻት። እንግዳው አጨበጨበ።

ዘርትሁን ከልቧ ትሁን ወይም አውቃ፣ ጥሩወርቅ ከዓይኗ ልትለይ አልቻለችም። ብትናገር ራሷን ልታጋልጥ፣ ዝም ብትል ያልሠራችውን ደግነት ልትቀበል። ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ከንፈሯ ላይ ደርቆ ቀረ። ራቅ ብሎ የተቀመጠው በላቸው አንገቱን ደፍቶ ከሳህኑ ላይ የሌለ ምግብ ይፈልግ ነበር።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ይመርቁን" አለች ዘርትሁን።

ጋሽ ወልደየስ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ሙሽሮቹን መረቁ፣ ቤቱን መረቁ፣ እንግዳውም አሜን አለ። ሊቀመጡ ጎንበስ ካሉ በኋላ የረሱት ነገር ያለ ይመስል ቀና አሉ፤ የጠራውን ውሃ አዩ፣ ቀስ ብለው ሰገነቱን አዩ፣ በመጨረሻም አጠገባቸው ያለችውን ጥሩወርቅን አዩና ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፦

"ጌታዬ፣ ሌላውን ሁሉ እንደ ፈቃድህ አድርገው፤ እኔን ግን ምቀኛ አታሳጣኝ!" አሉ።