ሰናይት ሹሩባ እስክትሠራ

ተረት ላውራችሁ። ካላቋረጣችሁኝ እጨርሰዋለሁ።

ሰናይት የምትባል ልጅ ነበረች። ነገ ትምህርት ይከፈታል፤ ጸጉሯ ግን አልተሠራም። እናቷ ብርዛፍ ታማ ተኝታለች፤ ሆዷ ውስጥ ካንሰር አለ። ጎረቤታቸው እትዬ ዘነቡ ሚዶና የማር ውሃ ይዘው መጡ።

"ነይ እኔ ልሥራሽ" አሏት።

"አይ፣ እማዬ ናት የምትሠራኝ።"

"እናትሽ እኮ ማንኪያ ማንሣት አቅቷታል፣ የኔ ልጅ።"

ሰናይት ግን ወደ አልጋው ተጠግታ "እማዬ፣ ሹሩባ ሥሪኝ" አለች።

ቃሏ በእናቷ ጆሮ ገባ። ወርዶ ወርዶ እጅን አገኘው። "እጅ፣ ተነሥተህ ሹሩባ ሥራላት" አለው።

"አልነሣም" አለ እጅ። "ስኳር አልደረሰኝም። ያለ ስኳር ምን ጉልበት አለኝ?"

ቃሏ ወደ ደም ሄደ። "ጋሽ ደም፣ እጅ አልነሣም አለ፣ ሹሩባ አልተሠራም። ስኳር አድርስለት።"

"አላደርስም" አለ ደም። "እትዬ ዘነቡ ያመጡትን የማር ውሃ ተሸክሜ ነበር። ስግብግቢት መንገድ ላይ ቀማችኝ።"

ስግብግቢት የካንሰሩ ሕዋስ ናት። "ስግብግቢት፣ ደም አላደርስም አለ፣ እጅ አልነሣም አለ፣ ሹሩባ አልተሠራም። ቅሚያሽን ተይ።"

"አልተውም" አለች እየዋጠች። "ትናንት ብቻዬን ነበርኩ፣ ዛሬ አራት ነን፣ ነገ ስንት እንደምንሆን እኔም አላውቅ። ደግሞ መች ቀማሁ? የኔ በር ክፍት ነው፤ ስኳሩ ራሱ ይገባል።"

"በር፣ ስግብግቢት አልተውም አለች፣ ደም አላደርስም አለ፣ እጅ አልነሣም አለ፣ ሹሩባ አልተሠራም። ተዘጋ።"

"አልዘጋም" አለ በር። "ከሕዋሷ መሀል የትእዛዝ ደብዳቤ በየሰዓቱ ይመጣል። 'ክፈቱ፣ በር ጨምሩ' ይላል። እኔ የታዘዝኩትን ነው።"

"ደብዳቤ፣ በር አልዘጋም አለ፣ ስግብግቢት አልተውም አለች፣ ደም አላደርስም አለ፣ እጅ አልነሣም አለ፣ ሹሩባ አልተሠራም። ቅር።"

"አልቀርም" አለ ደብዳቤ። "ድሮ የምታስቀድደኝ አንዲት ክር ነበረች። አሁን የለችም፤ እኔም አልፈልጋትም።"

ይህችን ክር ሐኪሞች ማይክሮ አር ኤን ኤ ይሏታል። በጣም ትንሽ ናት። ሥራዋ ትርፍ ደብዳቤ ላይ ተጠምጥማ ማስቀደድ ነው። ቃሏ ፈልጎ ፈልጎ አገኛት። "ክር፣ ደብዳቤ አልቀርም አለ፣ በር አልዘጋም አለ፣ ስግብግቢት አልተውም አለች፣ ደም አላደርስም አለ፣ እጅ አልነሣም አለ፣ ሹሩባ አልተሠራም። ውጪ።"

"በምን ልውጣ?" አለች ክር። "ስግብግቢት ጓጉንቸር ቆልፋብኛለች።"

በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ያዘዙላት መድኃኒት በብርዛፍ ክንድ በኩል ጠብ፣ ጠብ እያለ ይገባ ነበር። "መድኃኒት፣ ክር ተቆልፎባታል፣ ደብዳቤ አልቀርም አለ፣ በር አልዘጋም አለ፣ ስግብግቢት አልተውም አለች፣ ደም አላደርስም አለ፣ እጅ አልነሣም አለ፣ ሹሩባ አልተሠራም። ጓጉንቸሩን ክፈት።"

"እሺ፣ እከፍታለሁ" አለ መድኃኒት። "ግን እኔ ገር አይደለሁም። ደጉንም ክፉውንም እነካለሁ። የብርዛፍን ጸጉር አረግፋለሁ።"

ብርዛፍ አልጋዋ ላይ ሆና "ይርገፍ" አለች። "የልጄ ይሠራ።"

መድኃኒት ጓጉንቸሩን ከፈተ፣ ክር ወጣች፣ ደብዳቤ ተቀደደ፣ በር ተዘጋ፣ ስግብግቢት ተራበች፣ ደም አለፈ፣ ስኳር ደረሰ፣ እጅ ተነሣ።

በአንድ ቀን ግን አልሆነም፤ ሦስት ወር ፈጀ። ሰናይት ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ትምህርት ቤት ትመላለስ ነበር። ልጆቹ "ቅማል አለብሽ" ይሏታል። ሻሿን ታጠብቃለች።

አንድ እሑድ ብርዛፍ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ራሷ ላይ አንዲት ጸጉር የለም። ሰናይት በእናቷ ጉልበቶች መሀል ገባች። እጅ አንድ መስመር ይሠራል፣ ያርፋል። አንድ መስመር ይሠራል፣ ያርፋል። ስግብግቢት አልሞተችም፤ ውስጥ ተርባ ተቀምጣለች።

"አጥብቂው፣ እማዬ" አለች ሰናይት።

"ከዚህ በላይ ካጠበቅኩት ያምሻል።"

"ይመመኝ። ብዙ ጊዜ እንዲቆይልኝ ነው።"

እናቷ አጠበቀችው።