ዝም በል የተባለው ማሲንቆና ያልወጣው ዓሣ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ይሄኛው ላም የለበትም። «የአጋዘን በረት» በሉኝና ልቀጥል።

በስዊድን ሰሜን ጫፍ፣ መንገዱ አልቆ ጫካና ወንዝ ብቻ በቀረበት አገር፣ ትርሲት የምትባል ካሜራዋን ከትከሻዋ የማታወርድ ሴት ነበረች። በየበጋው ሁለት ሙዚቀኛ ወዳጆቿን ይዛ እየወጣች ዓሣ ሲያጠምዱ ፊልም ትቀርጻለች። አንዱ ኡልፍ ነው። ከበሮ መቺ ነው፣ የአገሩም ልጅ ነው፣ ዓሣ የሚያጠምደውም በዝንብ ነው። ዝንብ ስላችሁ የምር ዝንብ አይደለም፤ መንጠቆ ላይ ፀጉርና ላባ ታስሮ ዝንብ እንዲመስል የተሠራ ነው። ሌላው ታፈረ ነው፣ የጎንደር አዝማሪ። ታፈረ ዓሣ አጥምዶ አያውቅም። የሚመጣው ለወዳጆቹ ሲል፣ ማሲንቆውን አንግቶ ነው።

ሦስት በጋ ተመላለሱ። ትርሲት ጫካውን ቀረጸች፣ ድንኳኑን ቀረጸች፣ የኡልፍን ክንድ ከፊትም ከኋላም ቀረጸች። በዓሣ ፊልሟ ውስጥ የሌለው ዓሣ ብቻ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ታፈረ ማሲንቆውን ከሽፋኑ ሊያወጣ እጁን በዘረጋ ቁጥር ደግሞ ትርሲት ከካሜራዋ ኋላ ሆና «ኡሽሽ! ዝም በል! ዓሣው ይሰማል!» ትላለች። ታፈረም እጁን ይሰበስባል። እንዲህ እያለ ማሲንቆው ሦስት በጋ ሙሉ ከሽፋኑ ሳይወጣ ቀረ።

አሁን የመጨረሻው ቀን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀልባ መጥታ ታፈረን ትወስደዋለች። ጠቅልሎ ወደ ጎንደር መግባቱ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ አራተኛ በጋ ብሎ ነገር የለም። ትርሲት ማለዳ ተነስታ የካሜራዋን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ወንዙ ዳር ተከለችና «ዛሬ አንድ ዓሣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካሜራዬ ፊት ብቅ ይላል። ሳይል አልሄድም!» አለች። ጎንበስ ብላም ዓሣውን ጠየቀችው። በምን ቋንቋ እንዳትሉኝ፤ የቸገረው ሰው በሁሉም ቋንቋ ይናገራል።

«ዓሣ ሆይ፣ ብቅ በልልኝ!»

«አልልም» አለ ዓሣው። «ያ ከበሮ መቺ የሚወረውራት ዝንብ ትሰምጣለች። እኔ የምበላው የሚንሳፈፍ ዝንብ ነው። ደግሞ ሌላም ነገር አለ…»

ትርሲት ግን ሌላውን ነገር ለመስማት አልቆመችም። በከባድ ቦት ጫማዋ ዳር ዳሩን ዱብ ዱብ እያለች ወደ ኡልፍ ሮጠች።

ዝንቧ ካልተንሳፈፈች ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ ፊልሙ አያልቅም።

«ዝንብ ሆይ፣ ተንሳፈፊልኝ!»

«እንዴት አድርጌ?» አለች ዝንቧ ከኡልፍ ጣት ላይ ሆና። «ሦስት በጋ ስወረወር ፀጉሬ አልቆ መላጣ ሆኛለሁ። እኔን የሚያንሳፍፈኝ የአጋዘን ፀጉር ነው፤ ውስጡ እንደ ሸምበቆ ክፍት ስለሆነ ውሃ አያሰምጠውም። አንድ ቁንጥር አምጪና ልንሳፈፍልሽ።»

ፀጉር ከሌለ ዝንቧ አትንሳፈፍም፤ ዝንቧ ካልተንሳፈፈች ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ ፊልሙ አያልቅም። ትርሲትም የቦት ጫማዋን ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋ ዳገቱን ወጣች። ዳገቱ ላይ አንድ ትልቅ አጋዘን አገኘች።

«አጋዘን ሆይ፣ አንድ ቁንጥር ፀጉር ስጠኝ!»

አጋዘኑ ራሱን ይነቀንቃል፣ እግሩን ያነሳል፣ ይጥላል። «ፀጉሩስ በራሱ እየረገፈ ነው፤ ለአንድ ቁንጥር አልሰስትም» አለ። «ግን እንዴት ብዬ ልቁምልሽ? ቢንቢው ጨረሰኝ እኮ! ጭስ አጭሽልኝና እቆማለሁ።»

ጭስ ከሌለ አጋዘኑ አይቆምም፤ አጋዘኑ ካልቆመ ፀጉር የለም፤ ፀጉር ከሌለ ዝንቧ አትንሳፈፍም፤ ዝንቧ ካልተንሳፈፈች ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ ፊልሙ አያልቅም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ሻንጣውን ይሸክፍ ነበር። ትርሲት ግን እንጨት ለቀመች፣ ከመረች፣ ክብሪት ጫረች፣ እስክታነጥስ ድረስ እፍ አለች።

«እሳት ሆይ፣ ንደድልኝ!»

«በዚህ እንጨት?» አለ እሳቱ። «አራት ቀን ዝናብ የጠጣ እንጨት አምጥተሽ ንደድ ትይኛለሽ? እንደ ወረቀት የሚነደውን የነጩን ዛፍ ቅርፊት አምጪልኝ። የደረቀው ያለው እማማ ሪስቲን ቤት ነው።» ይህን ብሎ ድርግም አለ።

እማማ ሪስቲን የአጋዘኖቹ ባለቤት ናቸው። ጎጇቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ትርሲት ተሻግራ ስትደርስ ግማሽ ሱሪዋ ርሷል። በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«እማማ ሪስቲን፣ ትንሽ ደረቅ ቅርፊት ይስጡኝ! ቅርፊት ከሌለ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ካልነደደ ጭስ የለም፤ ጭስ ከሌለ አጋዘንዎ አይቆምም፤ አጋዘኑ ካልቆመ ፀጉር የለም፤ ፀጉር ከሌለ ዝንቧ አትንሳፈፍም፤ ዝንቧ ካልተንሳፈፈች ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ ፊልሜ አያልቅም!»

እማማ ሪስቲን በትዕግሥት ሰሟት። ከዚያ ክንዳቸውን አጣጥፈው «ቅርፊት ሞልቶኛል» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። በመጀመሪያው በጋ ‹ሙዚቀኞች ወንዝሽ ዳር ሊሰፍሩ ነው› ብለው ሲነግሩኝ ወንበሬን አውጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። ሦስት በጋ ተቀመጥኩ። ከወዲያ የሰማሁት ‹ኡሽሽ› የሚል ድምፅ ብቻ ነው። እባብ ያረባችሁ መስሎኝ ነበር። ያ ከሽፋኑ ወጥቶ የማያውቅ የሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወት ካልሰማሁ ቅርፊት አልሰጥም።»

ትርሲት ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን አልተከራከረችም። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል። ወንዙን መልሳ ተሻገረች። ታፈረ ሻንጣውን ዘግቶ፣ ማሲንቆውን ከነሽፋኑ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ታፈረ! ተነስ፣ ተጫወት! ማሲንቆው ካልተጫወተ እማማ ሪስቲን ቅርፊት አይሰጡም፤ ቅርፊት ከሌለ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ካልነደደ ጭስ የለም፤ ጭስ ከሌለ አጋዘኑ አይቆምም፤ አጋዘኑ ካልቆመ ፀጉር የለም፤ ፀጉር ከሌለ ዝንቧ አትንሳፈፍም፤ ዝንቧ ካልተንሳፈፈች ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ ፊልሙ አያልቅም!»

«ትንፋሽሽን ሰብስቢ እስቲ» አላት ታፈረ። «እኔ አዝማሪ ነኝ፤ የምዘፍነው ሰው ‹ተቀበል!› ብሎ ግጥም ሲሰጠኝ ነው። ማን ሰጠኝና ምን ልቀበል?»

«ኡልፍ ይስጥህ!»

«ኡልፍ አማርኛ ተምሮልሻል?» ኡልፍ ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ከሩቅ እጁን አወዛወዘ። ታፈረ ግን አልሳቀም። «ሦስት በጋ ከአንቺ አፍ የተቀበልኩት ‹ኡሽሽ› ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ለዜማ አይመችም። ወዳጄ ነሽ ብዬ ቻልኩት እንጂ ከፍቶኛል፤ አልዋሽሽም። ‹ተቀበል› በይኝ፤ ከአንቺ ከራስሽ ካልሆነ አልጫወትም።»

«ለፊልሙ ብዬ እኮ ነው! ዓሣው እንዳይሸሽ ብዬ!»

«አውቃለሁ» አለ ታፈረ፤ ፊቱንም ወደ ውሃው አዞረ።

ትርሲት በጣቷ መቁጠር ጀመረች። እኔ ግጥም ካልሰጠሁ ታፈረ አይጫወትም፤ ታፈረ ካልተጫወተ እማማ ሪስቲን ቅርፊት አይሰጡም፤ ቅርፊት ከሌለ እሳቱ አይነድም፤ እሳቱ ካልነደደ ጭስ የለም፤ ጭስ ከሌለ አጋዘኑ አይቆምም፤ አጋዘኑ ካልቆመ ፀጉር የለም፤ ፀጉር ከሌለ ዝንቧ አትንሳፈፍም፤ ዝንቧ ካልተንሳፈፈች ዓሣው አይወጣም፤ ዓሣው ካልወጣ ፊልሙ አያልቅም። ጠዋቱን ሙሉ ከዚህ እዚያ የሮጠችው ሴት፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የቆመው ራሷ ላይ መሆኑን አየች። ደነገጠች፤ ከዚያም አዘነች።

ግጥም ገጥማ አታውቅም። ድንጋዩ ሥር ተቀመጠችና «ወንዝ» ከ«ገንዘብ» ጋር ቤት ይመታ እንደሆነ ሞከረች፤ አይመታም። ሌላ ሞከረች፤ እሱም ለአፍ አልቀና አለ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል ሆነ። ትርሲት ግን ከያዘች አትለቅም፤ ከአንጀት ካለቀሱ ደግሞ እንባ አይገድም። ብድግ ብላ «ተቀበል!» አለች።

«እቀበላለሁ!» አለ ታፈረ፤ ማሲንቆውን ከሽፋኑ አውጥቶ ደጋኑን ክሩ ላይ አሳረፈ።

«ሦስቱን በጋ ሙሉ ዝም በል ያልኩህ እኔ፣
ዓሣውን ፈልጌ አጣሁህ ወገኔ።»

ታፈረ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዓይኑን በክንዱ አበሰ። ከዚያ ግጥሟን ተቀብሎ ያንን ጫካ ሁሉ እስኪሞላ ዘፈነው፤ ከራሱም ጨመረበት፦

«ዝምታሽን ትቼ ቃልሽን ይዣለሁ፣
ዓሣው ባይመጣ እንኳ እኔ መጥቻለሁ።»

ኡልፍ የምግብ ድስቱን ገልብጦ ይመታ ጀመር። ከዚያ በኋላ ምን ልንገራችሁ! ትርሲት ግጥም ሰጠች፣ ታፈረ ተጫወተ፤ ታፈረ ሲጫወት እማማ ሪስቲን አንድ እቅፍ ቅርፊት ይዘው ወንዙን ተሻገሩ፤ ቅርፊቱ እሳቱን አነደደው፣ እሳቱ ጨሰ፣ ጭሱ ቢንቢውን አባረረ፣ አጋዘኑ «እፎይ» ብሎ ቆመ፣ ፀጉሩ ተቆነጠረ፣ ኡልፍ ከመላጣዋ ዝንብ ላይ አሰረው፣ ዝንቧም ወንዙ ላይ ተንሳፈፈች!

ዓሣው ግን አልወጣም።

ስምንት ሰዓት ተኩል። ትርሲት ዘላ ተነሳችና የካሜራዋን እግር ነቅላ፣ ከዚህ ይሻላል ከዚያ ይሻላል እያለች ዳር ዳሩን ዱብ ዱብ ማለት ያዘች።

«ቁጭ በይ!» ብለው ጮኹ እማማ ሪስቲን። «ዓሣ ዘፈን ይሰማል ያለሽ ማን ነው? አንቺ ከላይ የምታወሪውን ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እሱ የሚያውቀው የእግር ኮቴ ነው፤ መሬቱ ሲመታ ውሃው ይነግረዋል። ሦስት በጋ ያሸሸው የእሱ ማሲንቆ አይደለም ልጄ፣ ያንቺ ቦት ጫማ ነው።»

«ልነግራት ስል እኮ ነው ሮጣ የሄደችው» አለ ዓሣው ከውሃው ውስጥ።

ታፈረ ሳቁ አፍኖት ማሲንቆው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ትርሲት አፈረች። መሬት ብትውጣት በወደደች። ግን ካሜራዋን አስተካክላ ተከለች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ ቦት ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ቀስ እያለች መጥታ ታፈረ አጠገብ ቁጭ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከካሜራው ፊት እንጂ ከኋላው አልነበረችም።

«ተቀበል!» አለችው በድጋሚ። የሰጠችው ሁለተኛ ግጥም ቤት አይመታም ነበር፤ ታፈረ አስመታላት። ዝንቧ ተንሳፈፈች፤ እግር አልተንቀሳቀሰም። ዘፈኑ መሐል ላይ ሲደርስ ውሃው ተሰነጠቀና ያ ዓሣ፣ ክንድ የሚያክል ዓሣ፣ ከነነጠብጣቡ ሽቅብ ተወርውሮ ዝንቧን ጎረሰ። ትርሲት በሁለት እጇ የታፈረን ክንድ ጨምድዳ «ወጣ! ወጣ!» ብላ ጮኸች። ማንም «ኡሽሽ» አላላትም። ኡልፍ ዓሣውን ከመንጠቆው አላቅቆ ወደ ውሃው ለቀቀው።

ጀልባዋ በሰዓቷ መጣች። ታፈረ ተሳፍሮ ሲሄድ ትርሲት እያለቀሰች ቆማ ሸኘችው፤ ካሜራዋን ግን አላነሳችም።

ፊልሙ ሲያልቅ ለታፈረ ጎንደር ድረስ ላከችለት። ዓሣው የሚታየው ለአራት ሴኮንድ ነው። ዘፈኑ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ነው፤ ትርሲት ከእሱ አንዲት ሴኮንድ አልቆረጠችም።

ተረቴን መልሱ፤ ዓሣዬንም ወደ ወንዙ መልሱ።