ማዕበሉ የደረሰው እስከ ስንሻው ደረት ነው

ይህን ታሪክ የምትሰሙ ሁሉ በትክክል ስሙ። አንዲት ቃል ያመለጠችው ሰው ይጠይቅ እንጂ ከራሱ አይሙላ። ውሃው እስከ ደረት ነው ስል እስከ ደረት ማለቴ ነው። ወደ ቤቱ ሄዶ እስከ አንገት ነበር ብሎ የሚያወራ ሰው ካለ፣ ከአሁኑ ቢነሣ ይሻለዋል።

አያቶቻችን ራሳቸው አያት በነበራቸው ዘመን፣ በባሕሩ ዳር፣ ቀንበሮ በምትባል መንደር ስንሻው የሚባል ታንኳ ቀዛፊ ነበረ። ርስት አልነበረውም። በሬም አልነበረውም። ደንገል በማጭዱ ያጭዳል፤ ያደርቃል፤ አስሮም ታንኳ ይሠራል። በታንኳውም እንጨት ወደ ማዶ ገበያ ያሻግራል። ሚስቱ ሞታበት እንጉዳይ የምትባል አንዲት ልጁን ብቻውን ያሳድግ ነበር። ሸንጎ ሲቀመጥ ከዳር ነው፤ ሲናገርም ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

አንድ ቀን በቀትር፣ ስንሻው እንጨት ጭኖ ከዳር እምብዛም ሳይርቅ ባሕሩ ሸሸ። ነፋስ አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ነጎድጓድም አልተሰማም። ይህን ልብ በሉ። ውሃው ዝም ብሎ ሸሸና ዳር ላይ የታሰሩት ታንኳዎች ጭቃ ላይ ቀሩ። በማዶ ያለው ገደል ተንዶ ባሕር መግባቱ የተሰማው ከሳምንት በኋላ ነው። ስንሻው ዞር ሲል ውሃው አንድ ረጅም ጉብታ ሆኖ ወደ እርሱ ሲመጣ አየ።

እንጨቱን ገፍቶ ጣለ። የታንኳውን አፍንጫ ወደ ዳር አዞረ። ሌላው ቢሆን ተቀምጦ ይጸልይ ነበር፤ ስንሻው ግን ቆመ። ሞገዱ ከኋላ ሲያነሣው፣ አፍንጫው እንዳይሰምጥ ክብደቱን በኋላ እግሩ ላይ ጣለ። ሞገዱ ሊያጋድመው ሲል በመቅዘፊያው እየመለሰ እንደ ቆመ ጋለበው። ባሕር ሸሹን፣ ማለትም ውሃው ሲጎድል የሚለቀውን ጥቁር አፈር፣ በላዩ ላይ አለፈው። በዚያ አፈር ላይ ዘጠኝ ጎጆዎች ነበሩ። ሲያልፍ አንድም አላየም።

ሞገዱ በመንደሩ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር አደረሰው። ግንዱን አቀፈ። ታንኳው ከሥሩ ሄደ፤ እግሩም መሬት ነካ። ውሃው በደረቱ ላይ ቆመ፤ ከዚያ አልፎ አልወጣም። ስንሻው ማጭዱን ከወገቡ መዝዞ ውሃው በነካበት ቦታ ግንዱ ላይ ምልክት ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ውሃው ተመለሰ። ቀንበሮ በዚያ ሳምንት ዐሥራ አራት ሰው ቀበረች። እንጉዳይ ላይኛው መንደር ከጎረቤት ዘንድ ስለ ነበረች ተረፈች።

የመጀመሪያው ፈተናው ይህ ነበር፤ ቀላሉም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሰው ነው። በዓመቱ ማዕበሉ በሰው አፍ የሾላው ጫፍ ደረሰ። በሦስት ዓመቱ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ዋጠ። በአምስት ዓመቱ ነጎድጓድ ተጨመረለት፤ ሰማዩም ጠቆረ። ስንሻው ይሰማል፤ ያርማል፤ ደግሞ ይሰማል። የመንደሩ ጭቃ ሹም ዳምጤ ልጁን ሲድር፣ አዝማሪው ጀምበሬ መሲንቆውን ይዞ ተነሣና እንዲህ አለ፦

ማዕበሉ ሲነሣ ሰማይን ጋረደ፤
ስንሻው ጋልቦበት ደመና ላይ ወረደ።

ሰው ሁሉ ወደ ስንሻው ዞረ። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ አክብሮ የተመለከተው አልነበረም። ስንሻውም ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሣ።

«አያ ጀምበሬ፣ ሰማይን አልጋረደም። ደረቴን ነው የነካው።»

«ደረት በመሲንቆ አይመጣም፣ ወንድሜ» አለ ጀምበሬ።

«ካልመጣ ተወው።»

«ወይስ ያኔ ደረትህ ደመና ላይ ነበር?»

ዳሱ በሣቅ ተናጋ። ጭቃ ሹም ዳምጤም «እያነሣንህ አንተ ትወርዳለህ። ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አሉት። ስንሻው ሳይበላ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ደረቱ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉም የከፋ ነው። ዓመታት አለፉ፤ እንጉዳይም አድጋ አገባች። ባሕሩ ጎደለና ባሕር ሸሹ ሰፋ። ጭቃ ሹም ዳምጤ ከሾላው በታች ያለውን አፈር ለጎጆ መሥሪያ አከፋፈሉ። ስንሻው ተቃወማቸው። እርሳቸውም በሸንጎ ፊት መለሱለት፦

«ጉልላት የዋጠ ውሃ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው። እኛም ንስሐ ገብተናል። በሺህ ዓመት አንዴ ለሚመጣ ነገር መሬት ጦም አይደር። ደግሞስ እንዲያ ያለው ከመጣ ላይኛው መንደር መች ይተርፋል?»

«ጉልላት አልዋጠም፣ ጌታው። እስከ ደረቴ ነው። ትንሽ ስለ ሆነ ተመልሶ ይመጣል። ትንሽ ስለ ሆነም ከሾላው በላይ ያለ ሰው ይተርፋል።»

«ደረቱ ተናገረ» አለ አንዱ፤ ሸንጎውም ተበተነ።

ከባሕር ሸሹ ቦታ ከደረሳቸው መካከል የእንጉዳይ ባል ነበረ። እንጉዳይም ሕፃን ታቅፋ እዚያ ገባች። ስንሻው በየማለዳው እየወረደ ከደጃፏ እስከ ሾላው በእግሩ ይለካል፤ ስድሳ ሁለት እርምጃ። ከሾላው በላይ ሌላ ሃያ ይጨምራል። «ባሕሩ ዝም ብሎ ከሸሸ ዓሣ አትልቀሚ፤ ሰማንያ ሁለት እርምጃ ውጪ» ይላታል።

«አባዬ፣ የደረቱ ልጅ እያሉ ይሥቁብኛል። ትንሽ ብታስረዝመው ምን አለበት?»

«ባስረዝመው፣ ልጄ፣ የት ድረስ እንደምትሸሺ አታውቂም።»

«እንግዲያው አንድ ጊዜ ነግረኸኛል። ይበቃል።»

«አይበቃም» ይላል፤ በማግሥቱም ይወርዳል።

በአንድ የመከር ወር፣ በጠራ ቀትር፣ ባሕሩ ዝም ብሎ ሸሸ። አምባዛውና ቆሮሶው ዓሣ ጭቃው ላይ ይራገጥ ጀመር። ሰው ቅርጫት ይዞ እየሣቀ ወረደ። ስንሻው ከላይ ሆኖ ጮኸ። «ነጎድጓዱ የታለ? ሰማዩ መች ጠቆረ?» አሉት። ማዕበል በነጎድጓድ እንደሚመጣ ሃያ ዓመት ሲዘፈንላቸው ኖሯል። ጀምበሬም ከወረዱት አንዱ ነበር።

እንጉዳይ ዓሣ አልለቀመችም። ሕፃኑን አዘለች። ከማሳ የተመለሰውን ባሏን በእጁ ጎተተች። እየቆጠረች ወጣች። ስትቆጥር የሰሙ ሰባት ቤተ ሰቦች ተከተሏት። ሰማንያ ሁለት ስትል ቆመች፤ ዞረችም። ውሃው ሾላውን ከብቦ፣ ከእግሯ ጥቂት እርምጃ በታች ቆሞ ነበር።

ቅርጫት ይዘው ከወረዱት ዐሥራ አንዱ አልተመለሱም። ጀምበሬ ከእነርሱ ጋር ነው። ስንሻው ለእርሱ አብልጦ አዘነ፤ ድምፁ ያማረ ነበርና።

ጭቃ ሹም ዳምጤ ሾላው ላይ ተንጠልጥለው ተርፈው ነበር። ከዛፉ ሲወርዱ፣ «ከቅርንጫፉ በላይ አለፈ። በዓይኔ አየሁት» አሉ። የቆሙትም «እውነት ነው፤ ከቅርንጫፉ በላይ» ብለው ተቀበሏቸው።

ስንሻው ዓይኑን ጨፈነ። ልጁንና የልጅ ልጁን ገና አቅፎ አልጠገበም ነበር። «ጭቃ ሹም፣ ልብስዎ እንኳ ገና ሳይደርቅ ያስረዝሙታል?» አለ።

ወደ ሾላው ሄደ። የውሃው እርጥበት ከአሮጌው ምልክት አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቆሟል። በማጭዱ ሁለተኛ ምልክት ቆረጠ። አንዳንዶች ተቆጡ። «ዐሥራ አንድ ሰው በልቶ እንዴት ከበፊቱ አሳነስኸው?» አሉ። «ዐሥራ አንድ ሰው ለመብላት ከዚህ በላይ መርዘም አላስፈለገውም» ብሎ መለሰላቸው።

ስለዚህ በቀንበሮ ቤት የሚሠራ ሰው ዛሬም በመጀመሪያ ፊቱን ለሾላው ሰጥቶ ይቆማል፤ ምልክቱን በደረቱ ይለካል፤ ከዚያም ሃያ እርምጃ ወጥቶ ካስማውን ይተክላል። አንድ ሰው በሽምግልናም ሆነ በጨዋታ ወሬውን ሲያሳብጥ፣ «በስንሻው ደረት ልክ ንገረን» ይባላል፤ ተናጋሪውም ከመጀመሪያው ይጀምራል።

መንደሩ በኋላ ለስንሻው ከሾላው በላይ መሬት ሰጠው፤ ተቀበለ። ካባ አለበሰው፤ ተቀበለ። በሸንጎ ከመካከል አስቀመጠው፤ ይህንንም ተቀበለ። በውሃው ላይ አንዲት ስንዝር መጨመርን ግን እስኪሞት ድረስ አልተቀበለም።