ነጋድራሱና የመዝናኛው መርከብ

አንድ ጓንጉል የሚባል ነጋድራስ ነበረ። የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ሆኖ በቅሎ ሲያስነዳ ስለኖረ ተራሮቹ ሁሉ በመልኩ ያውቁታል፤ አንዳንዱ ተራራማ ከሩቅ ሲያየው ፈቀቅ ብሎ ያሳልፈው ነበር። ይህን በዓይኑ ያየ ባይገኝም ያልሰማ የለም።

ሚስቱ አንጓች ግን ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነበር የምታውቀው። ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። እርጅና ጉልበቱን ሲነካው ልቡም አብሮ ተነካ። የቀረችንን ዕድሜ እንኳ አብረን እንያት፣ ይህም ካመለጠን ሌላ የለንም አላት።

በዚያ ሰሞን ጎረቤታቸው በታላቁ ወንዝ በመዝናኛ መርከብ ተጉዞ ተመልሶ፣ በወሬው መንደሩን አሳብዶት ነበር። አንተ ቁጭ ትላለህ፣ አገሩ ራሱ እየተራመደ በፊትህ ያልፋል ይላል። የምግቡ ብዛት ደግሞ አይወራም፤ ከትርፍራፊው የተነሳ ዓሦቹ ቁንጣን ይዟቸው ሲያቃስቱ ይሰማል። ነጋድራሱ ስለ አልጋው ጠየቀ፣ ስለ ወጡ ጠየቀ፣ ስለ ነፋሱ ጠየቀ። አንጓችን ግን አልጠየቃትም፤ እንደምትወደው ጥርጥር አልነበረውም።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ የመርከቡ አለቃ ልማዱን ነገራቸው። ከዚያ በታች ወንዙ በገደል መሀል ስለሚሄድ እስከ መጨረሻው መውረጃ የለም። ስለዚህ አዲስ ተጓዥ ሁሉ መርከቡ እንደታሰረ፣ ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ተቀምጦ ራሱን ይፈትናል። አይሆነኝም ያለ በሰላም ይወርዳል። ገመዱ ከተፈታ በኋላ ግን መመለስ የለም። ዓምና አንዱ መቀመጥ ቢያንገፈግፈው ገደሉ መሀል ዘለለ፤ አዞው ጫማውን ብቻ መለሰልን፣ ሳይጠበው አልቀረም አላቸው።

ባልና ሚስት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ብዙም ሳይቆይ የነጋድራሱን እግር ይበላው ጀመር። ተነሳና የሰው ጓዝ የታሰረበትን ጠፍር ፈትቶ እንደገና አሰረ። ተመልሶ ተቀመጠ። ደግሞ ተነሳና ማታ የምናርፍበት ሣር ያለው በየት በኩል ነው ሲል አለቃውን ጠየቀው። መርከብ ሣር አይግጥም፣ ነጋድራስ፣ ተባለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ በእሱ ጀርባ ግን ላብ ይወርድ ነበር።

ይባስ ብሎ ሲራራ ነጋዴዎች በወንዙ ዳር አለፉ። የመጨረሻዋ በቅሎ ጭነት ወደ ግራ አዘንብሏል። ነጋድራሱ የተቀመጠበትን እንጨት ከመጨበጡ የተነሳ ደረቁ ጣውላ ውሃ አንጠበጠበ። ብነሳ አንጓችን እንደገና ጥዬ መሄዴ ነው፤ ብቀመጥ መጨረሻዬ ጫማው ብቻ እንደተመለሰው ሰውዬ ነው፣ አለ በልቡ። ሰረቅ አድርጎ አያት። ዓይኗን ወንዙ ላይ ተክላ ፍንክች አላለችም። ደስ ብሏታል፣ እንግዲህ እሞታለሁ እንጂ አልነሳም፣ ብሎ ጥርሱን ነከሰ።

ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። መርከበኛው ወደ ገመዱ ሄደ። አለቃው አጠገባቸው መጥቶ ቆመና አንጓችን በአድናቆት አያት።

"እሜቴ፣ እንደ እርስዎ አድርጎ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህ ጉዞ ለእርስዎ የተሠራ ነው።"

መርከበኛው አንዱን ቋጠሮ ፈታ።

"መቀመጡንማ ከኔ በላይ ማን ይችለዋል፣" አለች አንጓች። "እሱ ሲሄድ ደጅ ደጁን እያየሁ ተቀምጬ አይደል ዕድሜዬን የጨረስኩት። አሁንም ደክሞታል፣ ማረፍ አምሮታል ብዬ ነው እንጂ፣ እኔስ መቀመጥ በቅቶኛል።"

ነጋድራሱ ወደ እሷ ዞረ። "ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"መቼ ጠየቅከኝ፣ ጓንጉል? እኔ ስመኝ የኖርኩት አንተ የምትሄድበትን አገር ማየት ነው።"

የመርከበኛው ጣት ሁለተኛው ቋጠሮ ውስጥ ገብቷል።

"ገመዱን ያዘው፣ ልጄ፣" አለው ነጋድራሱ መርከበኛውን። "እኔ በዚህ ከሄድኩ እስከ ማታ ወንዙን በጅራፍ እገርፈዋለሁ።"

እጇን ይዞ ወረደ። መርከቡም ቀሪውን ተሳፋሪ አሳፍሮ፣ ሁሉም ደስ እንዳላቸው ሄደ። ነጋድራሱ ነጋዴዎቹ ላይ ደርሶ ያዘነበለውን ጭነት አቃናና ለአንጓች ገራም በቅሎ ለመነላት። መንገዱ ሁለት ቦታ ከሚከፈልበት ሲደርሱ፣ ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው ሊያዝ አፉን ከፈተ። ከፈተና መልሶ ዘጋው።

"በየት በኩል እንሂድ?" አላት።

አንጓች ሽቅብ ወደ ዳገቱ ጠቆመች።

ወዳጆቼ፣ ጎረቤትየው አልዋሸም፤ መርከቡም ጥፋት የለበትም። አንድ ነገር ጥሩ መሆኑን ማወቅ ግማሽ ዕውቀት ነው፤ ለእኔ ይሆናል ወይ የሚለው ነው ከባዱ። አብሮን የሚሄድ ሰው ካለ ደግሞ ገምቶ ከመወሰን አፍ አውጥቶ መጠየቅ ይሻላል። አንዱ ለሌላው ሲል ሁለቱም ያልወደዱት ወንበር ላይ ቁጭ ያሉ ስንት አሉ። እናንተስ፣ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ምን እንደሚፈልግ ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቃችሁት መቼ ነው?