በጾም ቀን ያልተፈረመ ደብዳቤ

በአንዲት የደቡብ ከተማ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሆነ አንድ ሰው ነበረ። አቶ ኤርሱሞ እንበለው። ጉቦ አይቀበልም፤ ሰው አያማም። ዘወትር ረቡዕ ይጾማል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ማኅተሙን በመሳቢያው ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ በቤተ ክርስቲያን ስለ አገር የሚደረገውን ጸሎት ሊመራ ይሄዳል። በዚህ የወቀሰው ሰው አልነበረም። እርሱም ራሱን ወቅሶ አያውቅም።

አንድ ረቡዕ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን አንዷ፣ ወይዘሮ ሻሺቱ፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጣች። ባለቤቷ ሄራሞ በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ተራ ደርሶታል። ነገር ግን ለመክፈል አቅም እንደሌላቸው የሚመሰክር የቀበሌ ደብዳቤ እስከ ማታ ካልቀረበ፣ አልጋው ለሌላ በሽተኛ እንደሚሰጥ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ነግሯታል። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል። የቀረው ፊርማና ማኅተም ነው።

የጥበቃ ሠራተኛው በር ላይ አስቆማት።

«እናቴ፣ ዘገየሽ። ኃላፊው ከበላይ አካል ጋር ስብሰባ ሊገቡ ነው» አላት፤ በጣቱ ወደ ሰማይ እያመለከተ።

እርሷ አልሳቀችም። አቶ ኤርሱሞ ደረጃውን ሲወርድ አገኘችውና ነገሩን ሁሉ አስረዳችው። አንገቱን ደፍቶ አዳመጣት፤ ልቡም አዘነ። ይህን አትጠራጠሩ። ግን ሰዓቱ ደርሷል፤ ጉባኤው ይጠብቀዋል። ደግሞም ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ የተተከለ አንድ አሳብ ነበረ፦ ጸሎት የእግዚአብሔር ነው፤ ፊርማ የመንግሥት ነው። ታዲያ የእግዚአብሔርን አቋርጦ ወደ መንግሥት ሥራ እንዴት ይመለስ?

«እህቴ፣ ነገ በማለዳ ነይ» አላት። «እኔ ግን አሁኑኑ ስለ ሄራሞ በጌታ ፊት እቆማለሁ።»

ቃሉንም ጠበቀ። ያን ዕለት ጉባኤው ባለሥልጣናት ለድኾች እንዲራሩ ጸለየ። አቶ ኤርሱሞም የሄራሞን ስም ጠርቶ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ እንባው ወለሉን እስኪያርስ ድረስ ማለደ። ግብዝ ሰው አልነበረም። ወገኖቼ፣ የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ ግብዝ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ልንረሳው በቻልን ነበር።

በማግስቱ ገና በማለዳ ቢሮው ገብቶ ጠበቃት። አልመጣችም። አልጋው ማታውኑ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ሄራሞ ሌላ ተራ እንዲጠብቅ ተነገረው፤ ተራው ሳይደርስ በዐሥራ አንደኛው ቀን ዐረፈ።

አቶ ኤርሱሞ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌነቱ ለቅሶ ቤት ሄደ። የሚያጽናና ቃል አዘጋጅቶ ነበር። ወይዘሮ ሻሺቱ ግን ቀድማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው።

«ወንድም ኤርሱሞ፣ ያን ዕለት ጸለዩለት?»

«ጸለይሁ፣ እህቴ። እያለቀስሁ ጸለይሁ።»

«አውቃለሁ። እኛም ቤት እየጸለይን ነበር፤ ጸሎት አላጣንም። ፊርማው ግን ከእርስዎ በቀር በማንም እጅ አልነበረም።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለቀስተኞቹ አቶ ኤርሱሞን ጉባኤውን በጸሎት እንዲዘጋ ጠየቁት። ተነሥቶ ቆመ። ስንት ጉባኤ በጸሎት የመራው ሰው አንድ ቃል አጣ። ሌላ ሰው ዘጋ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው የበደለው በመጸለዩ ይመስላችኋል? አይደለም። የበደለው ጌታን በአንድ ክፍል ዘግቶ በማስቀመጡ ነው። ጌታ በአዳራሹ ጌታ ነው፤ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግን ማን ነው? በፍርድ ቤቱስ? በትምህርት ቤቱስ? በእምነት ብቻ እንደምንጸድቅ እንሰብካለን፤ እውነት ነው፣ እስክንሞትም እንሰብከዋለን። ነገር ግን የጸደቀ ሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን ሲሠራ ይገኛል? ለአገር ስንጸልይ አገር ማን ትመስለናለች? በራችን ላይ የቆመችው ሴት አገር አይደለችምን?

አንዳንዶቻችሁ በሥልጣን ወንበር ላይ ተቀምጣችኋል። ወንበሩ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ በእናንተ እጅ ብቻ ያለ አንድ ነገር አለ። እግዚአብሔር ሲጠይቃችሁ «ጸልዬለታለሁ» ብላችሁ ልትመልሱ ነውን?

ዛሬ ጸሎታችንን አሳጥረን እንወጣለን። ነገ ሥራ ስትገቡ ጠረጴዛችሁ ላይ ያደረ ወረቀት ካለ፣ የባለቤቱን ስም በጌታ ፊት ከመጥራታችሁ አስቀድማችሁ ፈርሙለት። ከዚያ በኋላ ተንበርከኩ።